ቀን የቆረጠልን ድንጋይ

እስቲ አንድ ብርቱካን አምጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። መሬት ይህች ናት እንበል። ጨረቃን የት እናድርጋት? ቤቴ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይህን እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ሰው አንድ ክንድ ያህል አርቆ ያስቀምጣታል። በልኩ ከሄድን ግን ጨረቃ ከብርቱካኑ ሁለት ሜትር ከአርባ ሳንቲም ገደማ ርቃ ነው የምትገኘው፤ ከጠረጴዛው ወርዳችሁ በሩ አካባቢ ልትደርሱ ነው። አሁን ደግሞ አውራ ጣታችሁን ልጣጩ ላይ አሳርፉና አንድ ስንዝር ለኩ። የሌላው ጣታችሁ ጫፍ ያረፈባትን ቦታ ደህና አድርጋችሁ እዩአት። ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በዚያች ቦታ በኩል አንድ አለት ያልፋል።

ስሙ አፖፊስ ነው። በአማካይ 340 ሜትር ያህል ስፋት አለው። አዲስ አበባ ያላችሁ የንግድ ባንክን አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤት ቀና ብላችሁ እዩት፤ እሱ 209 ሜትር ነው። አንዱን ሕንፃ በሌላ ግማሽ ሕንፃ ላይ ብታቆሙት እንኳ አፖፊስን ገና አይደርስበትም። በብርቱካናችን ልክ ግን ይህ ሁሉ አለት በዓይን አይታይም፤ አንድ ሚሊሜትርን ሺህ ቦታ ብትከፍሉት ሁለቷን ቁራጭ ያህላል፣ ከጤፍ ዱቄት ብናኝ ያነሰ። ከመሬት ገጽ የሚኖረው ርቀት 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ መሰላችሁ? ጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ የሚያነጣጥረው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ነው። አፖፊስ ቴሌቪዥናችሁን ከሚያሳየው ሳተላይት በታች ያልፋል ማለት ነው። ይህን የሚያህል አለት ይህን ያህል ቀርቦ የሚያልፈው በብዙ ሺህ ዓመታት አንዴ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም ቆመን ልናየው በምንችልበት ዘመን ሆነልን።

አይመታንም። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ቀሪውን ልባችሁ ሳይደነግጥ እንድታነቡት ነው። «በምን አወቃችሁ?» ብትሉኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ከሙሉ ታሪኩ መንገር የምወደው ክፍል እሱ ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ጁን 2004 ላይ ሮይ ታከር፣ ዴቪድ ቶለን እና ፋብሪዚዮ በርናርዲ የተባሉ ሦስት የሥነ ፈለክ ሰዎች አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ከሚባለው ተራራ ላይ ሆነው ሰማዩን ሲቃኙ አንዲት የምትንቀሳቀስ ነጥብ አገኙ። ሁለት ሌሊት አዩአትና ጠፋችባቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከአውስትራሊያ እንደገና ታየች። ከዚያ ወዲያ ስሌቱ ሲሠራ ያልተጠበቀ ነገር መጣ፦ በ2029 መሬትን የመምታት ዕድል አላት። ዕድሉ መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ አዳዲስ ልኬቶች በተጨመሩ ቁጥር ግን እያደገ ሄዶ በዲሴምበር 27 ከ37 አንድ ደረሰ። የአስትሮይድን አደጋ ከ0 እስከ 10 የሚመዝን ቶሪኖ የሚባል መለኪያ አለ፤ አፖፊስ 4 ተሰጠው። ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ ያን ያህል የተሰጠው አስትሮይድ የለም። ዓለም ግን ብዙም አልሰማም። ከአንድ ቀን በፊት በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሱናሚው ደርሶ ስለነበር የሁሉም ዓይንና ልብ እዚያ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «መረጃ ሲጨመር ዕድሉ ካደገ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ነው ማለት ነው» ይላል። አይደለም። አንድ በሬ ጠፋ እንበል። መጀመሪያ የምናውቀው «በወረዳው ውስጥ ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ በወረዳው አሥር ሺህ ግቢ ካለ፣ በሬው እናንተ ግቢ የመግባቱ ዕድል ከአሥር ሺህ አንድ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ እረኛ መጣና «እናንተ ቀበሌ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ» አለ። አሁን ዕድሉ ከአምስት መቶ አንድ ሆነ። ሌላው ደግሞ «በእናንተ ሰፈር በኩል ነው ያለፈው» አለ፤ ከሠላሳ አንድ። በሬው ወደ ግቢያችሁ አንዲት እርምጃ አልተጠጋም፤ የጠበበው ፍለጋው ነው። ግቢያችሁ በሚፈለግበት ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ድርሻችሁ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «በሬው ወንዙ ማዶ ነው» ሲል ድርሻችሁ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

በዲሴምበር 27 የሆነው ልክ ይህ ነበር። ከወራት በፊት፣ ማርች 2004 ላይ፣ ማንም ሳያስተውለው አፖፊስ የተነሳባቸው ምስሎች ከማኅደር ተገኙ። በሬው ወንዙ ማዶ ነበር። የ2029 ግጭት ያን ቀን ተሰረዘ። ለ2036 የቀረ ትንሽ ጥርጣሬ በ2013 ተወገደ፤ ለ2068 የቀረው ደግሞ በማርች 2021። በመጨረሻው ጊዜ ሳይንቲስቶቹ የሠሩት ሥራ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ካሊፎርኒያ ያለው የጎልድስቶን አንቴና የራዳር ሞገድ ወደ አፖፊስ ላከ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ ተመልሶ የመጣውን ተቀበለ። አለቱ በዚያን ጊዜ 17 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፤ ያለበትን ርቀት የለኩት ግን በ150 ሜትር ገደማ ልዩነት ብቻ ነው። ቢያንስ ለመቶ ዓመት አያሰጋንም የተባለው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ 2024 ዋይአር4 ስለሚባለው አስትሮይድ «ከመቶ ሦስት እጅ ሊመታን ይችላል» የሚል ዜና ሰምታችሁ ከሆነ እሱም ያው የበሬው ታሪክ ነው፤ ዕድሉ ከፍ አለ፣ ከፍ አለና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመሬት ላይ ተነሳ።

እሺ፣ ካልመታን ምን አስጨነቀን?

ስለ መጪ የሕዋ ጉዞዎች ሳወራ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ስለ ጨረቃና ስለ ማርስ ነው። ሰው መቼ ይወርዳል? ትልቁ ሮኬት መቼ ይነሳል? እነዚህም ያጓጓሉ፣ አልክድም። እኔ ግን አንድ ጉዞ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው በኤፕሪል 2028 ሊነሳ ቀን የተቆረጠለትን ራምሴስን ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የሚሠራው መንኮራኩር ነው፤ የጃፓኑ የጠፈር ድርጅት ጃክሳም አብሮት አለ። ከጃፓን የሚጠበቁት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ፣ ሙቀት የሚያይ ካሜራና ኤች3 የሚባለው ሮኬት ናቸው። የራምሴስ ሥራ አፖፊስን ከመሬት ጋር ከመተላለፉ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ 2029፣ መንገድ ላይ ተቀብሎ አብሮት መምጣት ነው።

ስሞቹን ልብ ብላችሁልኛል? አፖፊስ በጥንት ግብፃውያን እምነት የጨለማ እባብ ነው፤ በየሌሊቱ የፀሐይን አምላክ ራን ሊውጥ የሚታገል። ራምሴስ ማለት ደግሞ «ራ የወለደው» ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ አስበውበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት የጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከእሷ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። «ድንጋዩ ራሱ ወደኛ እየመጣ ለምንድነው እኛ የምንሄደው? እዚሁ ሆነን አንጠብቀውም?»

የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ አይታችኋል። ከመሙ ዳር ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሯጩን የሚያየው ለቅጽበት ነው፤ ውልብ ብሎ ያልፋል። ፊቱ ላይ ያለውን ላብ፣ አተነፋፈሱን፣ ግራ እግሩ ትንሽ እንደከበደው ሊያይ የሚችለው ማነው? አሯሯጩ። አሯሯጭ የሯጩን ፍጥነት ይዞ ጎን ለጎን ስለሚሮጥ፣ ለእሱ ሯጩ የቆመ ያህል ነው። አፖፊስ በአጠገባችን ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በአየር መስመር አሥር ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። እዚህ ቆሞ የሚጠብቀው መንኮራኩር ዳር እንደቆመው ፎቶ አንሺ ነው የሚሆነው። ጎን ለጎን ለመሮጥ ቀድሞ መነሳት፣ ፀሐይን እየዞሩ የእሱን ምህዋርና ፍጥነት ቀስ በቀስ መያዝ ያስፈልጋል። በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው አሥር ወር የሚያልቀው በዚህ ነው።

ለዚህም ነው የሮኬቱ ቀን በሰው እጅ ያልሆነው። የሕዋ ጉዞ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰማይ የሰጠው ቀን አለው። መሬትና ማርስ ለጉዞ የሚመች ቦታ ላይ የሚገናኙት በ26 ወር አንዴ ነው። የአውሮፓውያን የማርስ ተሽከርካሪ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የ2020ው በር አመለጣት፤ የፓራሹትና የሶፍትዌር ሥራው አላለቀም ነበር። የ2022ቱ በር ደግሞ ዩክሬን ላይ ጦርነት ተነስቶ ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብር ሲቋረጥ ተዘጋባት። አሁን የምትጠብቀው 2028ን ነው። ሮዜታ የምትባለውን መንኮራኩር ታስታውሱ ይሆናል፤ በጃንዋሪ 2003 ተነስታ ቪርታነን ወደሚባል ጅራታም ኮከብ ልትሄድ ነበር። ከመነሻዋ ጥቂት ሳምንት ሲቀር የምትጫንበት ዓይነት ሮኬት ከሌላ ጭነት ጋር ሰማይ ላይ ተበላሸ፤ ሮኬቱ እስኪመረመር ጊዜው አለፈ። ሌላ ጅራታም ኮከብ ተፈልጎላት በማርች 2004 ተነሳች፤ አሥር ዓመት ተጉዛ ደረሰች፤ ድንቅ ሥራም ሠራች።

ከእነዚህ ሁሉ ራምሴስን የሚለየው ምትክ የሌለው መሆኑ ነው። ማርስ ተመልሳ ትመጣለች። ጅራታም ኮከብ በሌላ ጅራታም ኮከብ ይተካል። የሚያዝያ 5 ሌሊት ግን ከመጣ በኋላ ያለፈ ነገር ነው። የአውሮፓ አገራት ሚኒስትሮች ብሬመን ላይ ተሰብስበው ለራምሴስ ሙሉውን ገንዘብ የፈቀዱት በኖቬምበር 2025 ነው፤ ለመነሻው የቀረው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም ነበር። በሕዋ ሥራ ይህ ጥድፊያ ነው። ሠሪዎቹ ከባዶ አይደለም የሚነሱት፤ ሄራ የሚባለውን ታላቅ ወንድሙን ንድፍ ይዘው ነው።

ሄራን ለማወቅ ዳርትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ናሳ ዳርት የምትባል መንኮራኩርን በሰከንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዲሞርፎስ ከምትባል 160 ሜትር ገደማ አለት ጋር ሆን ብሎ አጋጫት። ዲሞርፎስ ዲዲሞስ የሚባለውን ትልቁን አለት ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ከግጭቱ በኋላ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ሆነ። የሰው ልጅ የአንድን የሰማይ አካል መንገድ ሆን ብሎ ሲቀይር የመጀመሪያው ነው። ዳርት ግን በግጭቱ ራሷ ጠፍታለች፤ ቁስሉ ምን እንደሚመስል ቆሞ ያየ የለም። ያን ሊያይ ሄራ በኦክቶበር 2024 ተነሳ፤ በማርች 2025 በማርስ በኩል አልፎ በስበት ኃይሏ ተገፋ፤ መድረሻው በ2026 መጨረሻ ነው። ራምሴስ የሚሠራው በዚሁ በሄራ አምሳል ነው።

አሁን ሰፌድ አምጡ። ወይም እናታችሁ ምስር ስታንገዋልል ያያችሁትን አስታውሱ። እኔ ልጅ ሆኜ እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር የማየው። ሰፌዱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ክብ አዙራ ስትነቀንቀው፣ ተደባልቆ የነበረው ሁሉ ራሱን ይለያል፤ ደቃቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ትልልቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠጠሩ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። አንድም ፍሬ በእጇ አልነካችም። መነቅነቁ ብቻ ነው ሥራውን የሠራው።

ብዙ አስትሮይዶች ድፍን አለት አይደሉም። የጠጠር፣ የአሸዋና የቋጥኝ ክምር ናቸው፤ በገዛ ራሳቸው ደካማ ስበት ተያይዘው የቆሙ። የጃፓኗ ሃያቡሳ በ2005 ኢቶካዋ የሚባለውን አስትሮይድ ቀርባ ስታየው ደቃቁ አንድ ቦታ፣ ቋጥኙ ሌላ ቦታ ተለይቶ ነው ያገኘችው፤ ልክ ከሰፌድ ላይ እንደወረደ። የአሜሪካኗ ኦሳይረስ-ሬክስ በኦክቶበር 2020 ናሙና ለመውሰድ ክንዷን ቤኑ በሚባለው አስትሮይድ ላይ ስታሳርፍ ደግሞ መሬቱ አልተቋቋማትም። ክንዷ ሰመጠ። ወዲያው ሞተሯን አስነስታ ባትመለስ ኖሮ ይዟት ይገባ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ጠንካራ ገጽ ነበር የጠበቁት።

አፖፊስ ከየትኛው ወገን ነው? ድፍን ነው ወይስ ክምር? ይህን ለማወቅ አንድ ጊዜ ሰፌዱን መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ሚያዝያ 5 ሌሊት የሚነቀንቀው ደግሞ የመሬት ስበት ነው። ጨረቃ የባሕራችንን ውኃ ወደ ራሷ እንደምትስበው ሁሉ መሬት አፖፊስን ትስበዋለች፤ ለእሷ የቀረበውን ጎኑን ከራቀው ጎኑ አብልጣ ስለምትስብ አለቱ በትንሹ ይወጠራል። አሁንም ቢሆን የአፖፊስ አዟዟር የተስተካከለ አይደለም፤ ሊቆም እንደደረሰ እንዝርት ይንገዳገዳል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሽክርክሪቱ ሊለወጥ፣ ተዳፋት ላይ ያለው አፈር ሊናድ፣ ለብዙ ዘመን ፀሐይ ያላየው ውስጡ ሊገለጥ ይችላል። የማያጠራጥረው ለውጥ የምህዋሩ ነው፦ ፀሐይን ለመዞር 324 ቀን ገደማ የሚፈጅበት አለት፣ ከመሬት ጋር ከተላለፈ በኋላ ከ420 ቀን በላይ ይፈጅበታል። አንዲት ሌሊት ዓመቱን በሦስት ወር ታራዝምበታለች።

ለዚህ ነው ራምሴስ በፌብሩዋሪ መድረስ ያለበት። ከንቅነቃው በኋላ ብቻ ብትደርሱ ምስሩ ቀድሞ እንዴት እንደነበረ በምን ታውቃላችሁ? በፊት ያየ ሰው ያስፈልጋል። ራምሴስ ሁለት ትንንሽ ሳተላይቶችንም ይዞ ይሄዳል፤ አንዷ አፖፊስ ላይ ለማረፍ ትሞክራለች። እስቲ አስቡት፤ መሬት በአጠገባችሁ ስታልፍ አለቱ ላይ ተቀምጣችሁ ንዝረቱን ስትሰሙ!

በኋላ የሚደርሰውም አለ። ኦሳይረስ-ሬክስ የቤኑን ናሙና በሴፕቴምበር 2023 ዩታ በረሃ ላይ ጥላ፣ 121 ግራም ከምናምን አፈር ለሰው ልጅ አስረክባ፣ ራሷ አላረፈችም። ስሟ ኦሳይረስ-አፔክስ ተብሎ መንገዷ ወደ አፖፊስ ተቀየረ። ነዳጅ የቀራትን መንኮራኩር በአዲስ ዓላማ ማሠማራት እንዴት ያለ ብልህነት ነው! አፖፊስ ካለፈን በኋላ ትደርስበትና ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትከታተለዋለች። በመጨረሻም ወደ ገጹ ተጠግታ በሞተሯ ትንፋሽ አፈሩን ልትገልጥ ታቅዷል። አንዱ በፊት፣ ሌላዋ በኋላ።

እውቀቱ የሚጠቅመው ለአፖፊስ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እውነተኛ አደጋ ቢመጣና እንደ ዳርት አጋጭተን መንገዱን ማስቀየር ቢኖርብን፣ የምንመታው ቋጥኝ ይሁን የአሸዋ ክምር ማወቅ አለብን፤ ቋጥኝን መግፋትና የጤፍ ክምርን መግፋት አንድ አይደሉም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ድንጋዩን በጊዜ ማየት አለብን። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ የፈነዳው አለት 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን መስኮት ሰብሮ ወደ 1,500 ሰው አቁስሏል፤ ቀድሞ ያየው ግን አልነበረም፣ በፀሐይ በኩል ነበር የመጣው። ናሳ ኒዮ ሰርቬየር የሚባል ቴሌስኮፕ እየሠራ ነው፤ ከሴፕቴምበር 2027 ጀምሮ ባለው ጊዜ ሊያስወነጭፈው አቅዷል። ከመሬት ወደ ፀሐይ በኩል ራቅ ብሎ ቆሞ የአስትሮይዶችን ሙቀት እያየ ይፈልጋቸዋል። የጥቁር አለት ብርሃን ደካማ ነው፣ ሙቀቱን ግን መደበቅ አይችልም። ከመሬት አቅራቢያ ከሚያልፉት፣ 140 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆኑት አስትሮይዶች እስካሁን የተገኙት ግማሽ አይሞሉም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2029ን ስለ አስትሮይዶች ግንዛቤ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎታል። መልካም ነው። እኔ ግን እናንተን የምፈልጋችሁ ለአንዲት ሌሊት ነው።

ካሌንደራችሁን አውጡ። በ2021 ዓ.ም. ፋሲካ የሚውለው መጋቢት 30 ነው። ሚያዝያ 5 የፋሲካ ሳምንት ዓርብ ይሆናል፤ ጾም የሌለበት ዓርብ፣ ዘመድ የሚጠያየቅበት፣ ሰው እስከ ምሽት ቁጭ ብሎ የሚጫወትበት። ጨረቃዋ አዲስ የምትወለድበት ሰሞን ስለሆነ ሌሊቱ ጨለማ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሊመረጥ አይችልም። የሚያሰጋን የበልግ ደመና ብቻ ነው።

አፖፊስ ለመሬት በጣም የሚቀርበው በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ነው። እዚህ ላይ ግን እንዳትሸወዱ፤ ያኔ አለቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ደርሷል፣ ለእኛ በምዕራብ በኩል አዘቅዝቋል። የእኛ ሰዓት ከዚያ በፊት ነው፤ ከህንድ ውቅያኖስ ወደ አፍሪካ እየተሻገረ በላያችን የሚያልፍበት። ስለዚህ እራት በልታችሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ውጭ ሁኑ። ከከተማው መብራት ራቅ በሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ስልካችሁን አትንኩ። መነጽር ወይም ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ኮከብ የሚመስል፣ መካከለኛ ድምቀት ያለው፣ እሳትም ጭራም የሌለው ነጥብ ነው የምትፈልጉት። ከኮከብ የሚለየው አለመቀመጡ ነው። እንደ አውሮፕላን አይሮጥም፣ እንደ ሳተላይትም አይቸኩልም። በሁለት ኮከቦች መካከል አግኙትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ እንደገና ስታዩት ቦታ ለቋል። በጣም በሚፈጥንበት ጊዜ የሙሉ ጨረቃን ወርድ ያህል በአንድ ደቂቃ ያቋርጣል።

እየሩሳሌምና ሪያድ ያላችሁ ሰዓታችሁ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ፍራንክፈርት ያላችሁ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ፣ ለእናንተም ሌሊት ነው። ዋሽንግተን ያላችሁት ግን አዝናለሁ። በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ46 ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ እስክትጠልቅም አለቱ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሄዶ ይደበቅባችኋል። እናንተ ከሥራ እንደወጣችሁ ደውሉልን፤ ስልካችንን ከፍተን፣ ጣሪያ ላይ ሆነን፣ አሁን የቱ ኮከብ አጠገብ እንደደረሰ እንነግራችኋለን።